የትኛው አሊ? የትኛው ታይሰን?

ቪዲዮ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ነው። በሩ ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ ተጋርዷል። መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም። ከቴሌቪዥኑ ሥር በኩል የካሴቱ መስመር እየተንቀጠቀጠ ስለሚያልፍ የቦክሰኞቹን እግር በደንብ አይተን አናውቅም። የዚያን ቀን ካሴት ማይክ ታይሰን ከማይክል ስፒንክስ ነበር። ግጥሚያው ከተካሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ለእኛ ሰፈር ግን ትኩስ ነው። ተጠጋግተን ተቀመጥን። ደወሉ ተደወለ። ስፒንክስ በጉልበቱ ተንበረከከ። ተነሣ። ከዚያ ተዘረረ። አለቀ።

91 ሰከንድ።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ግማሹ በታይሰን ተደንቆ ነው፤ ግማሹ ሃምሳ ሳንቲሙን እየጠየቀ ነው። ባለቤቱ ብልጥ ሰው ነበር። ካሴቱን ወደ ኋላ እየመለሰ ሦስት ጊዜ አሳየን። በሦስተኛው ላይ ቡጢውን ትቼ የስፒንክስን ፊት ማየት ጀመርኩ። ገና ደወሉ ሳይደወል ነገሩ ያለቀለት ሰው ፊት ነበር።

ቤት ስደርስ አጎቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። ያየሁትን እየዘለልኩ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ብሩሹን አስቀመጠ።

«አሊን አላገኘም እንጂ» አለ።

በቃ። ይሄው ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ጋሼ መሐመድ አሊን የወደደው በምስል ሳያየው ነው። በሬዲዮ። አሊ ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን ሲዘርር እዚህ ንጉሡ ከወረዱ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ከተማው የሚያወራው ሌላ፣ ጋሼ የሚያወራው ሌላ። እኔ ደግሞ የታይሰን ልጅ ነኝ። ሰው ሁሉ ጎረምሳ እያለ ያየውን ሻምፒዮን ነው የሚያነግሠው። ይሄን ሁለታችንም እናውቃለን። ማወቃችን ግን ለክርክሩ ምንም አልፈየደም።

(ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ኪንሻሳን በእኛ ስቆጥር 1967 ይሆንብኛል። በፈረንጆቹ 1967 ደግሞ አሊ ቀበቶውን የተነጠቀበት ዓመት ነው። መምታታቱ አይጣል።)

ይሄን ጨዋታ የምንጫወተው እኔና ጋሼ ብቻ ብንሆን ጥሩ ነበር። አንድ ሰውማ ኮምፒውተር ሳይቀር አስገብቶበታል። ሙሬይ ዎሮነር ይባላል፤ የማያሚ የሬዲዮ ፕሮዲውሰር ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የየዘመኑን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች ሰበሰበና በሐሳብ አጋጠማቸው። የቦክስ ጸሐፊዎችን እየጠየቀ ለእያንዳንዱ ቦክሰኛ በየችሎታው ነጥብ አሰጠ። ቁጥሩ ሁሉ ኤንሲአር 315 ለሚባል ኮምፒውተር ተሰጠ። ኮምፒውተሩ የተፋውን ውጤት ደግሞ ልክ እንደ እውነተኛ ግጥሚያ በሬዲዮ አስተላለፉት።

በዚያ ውድድር ላይ አሊ በጂም ጄፍሪስ ተሸነፈ። ጄፍሪስ እኮ ከ1900 በፊት ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። አሊ ተናደደ። ስሜን አጠፋችሁ ብሎ የ1 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ጊዜው ቬትናም አልዘምትም በማለቱ ፈቃዱንም ቀበቶውንም ተነጥቆ ሥራ ፈት የተቀመጠበት ነው። ክሱ በስምምነት አለቀ። 10 ሺህ ዶላር ገደማ ተከፍሎት ከሮኪ ማርሲያኖ ጋር ለፊልም ሊቦክስ እሺ አለ።

ማርሲያኖ 49 ጊዜ ገጥሞ 49 ጊዜ አሸንፏል። ሳይሸነፍ በ1956 ጓንቱን ሰቀለ። ፊልሙ ሲመጣ 45 ዓመቱ ነው፤ ቦርጭ አውጥቷል፤ ፀጉሩም ሸሽቷል። ለዚህ ሥራ ብሎ ከ20 ኪሎ በላይ ቀነሰ። አናቱ ላይ ሰው ሠራሽ ፀጉር አደረገ። 1969 ላይ ማያሚ ውስጥ አንድ ስቱዲዮ ገቡና አንድ አንድ ደቂቃ የሚፈጁ ሰባ ያህል ዙሮች ቀረጹ። አብዛኛው ማስመሰል ነው። ደሙ ኬችአፕ ነው። መጨረሻውንም በየዓይነቱ ቀረጹት፤ አሊ ሲወድቅ፣ ማርሲያኖ ሲወድቅ፣ በነጥብ ሲያልቅ። የትኛው እንደሚታይ ሁለቱም አያውቁም።

ቀረጻው ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ኦገስት 31 ቀን 1969፣ ማርሲያኖ አዮዋ ውስጥ በትንሽ አውሮፕላን አደጋ ሞተ። በማግሥቱ 46 ዓመት ይሞላው ነበር። ፊልሙ በጃንዋሪ 1970 ሲኒማ ቤቶች ሲገባ አሜሪካ ውስጥ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ አሊ የሚያሸንፍበት ቅጂ ታየ። እንደ አገሩ ገበያ ማለት ነው። አሊም «ኮምፒውተሩ አላባማ ነው የተሠራው» ብሎ ቀለደ። የዚያን ጊዜዋን አላባማና ጥቁር ሕዝቧን የሚያውቅ ቀልዱ ይገባዋል።

እኔ በኮምፒውተሩ አልፈርድም። የሰጡትን ነው የመለሰው። ሰው የገመተውን ቁጥር አስገብተህ ስትደምረው፣ የሚወጣው ያው ግምት ነው፤ ልዩነቱ ከነጥብ በኋላ አስር አኃዝ ያለው መሆኑ ብቻ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ሰዎች ለቀናት አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። አንዱ የሌላውን ትከሻ ነክቷል፣ ትንፋሹን ሰምቷል፣ ጃቡ፣ ማለትም የፊት እጁ ቀጥታ ቡጢ፣ ከየት እንደሚነሣ አይቷል። ከጸሐፊዎቹ ሁሉ ይልቅ እነሱ ያውቁ ነበር። የተጠየቀው ግን ማሽኑ ነው።

ደግሞ ያ 13ኛ ዙር እንዲሁ አልመጣም ብዬ እጠረጥራለሁ። ማርሲያኖ ቀበቶውን ያገኘው በ1952 ፊላዴልፊያ ላይ ጀርሲ ጆ ዎልኮትን ዘርሮ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ራሱ ማርሲያኖ ወድቆ ነበር። ከዚያም እስከ 12ኛው ዙር መጨረሻ ድረስ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ ይመራ የነበረው ዎልኮት ነው። 13ኛው ላይ ዎልኮት ጀርባውን ለገመዱ ሰጥቶ ሳለ አንዲት አጭር ቀኝ አገጩ ላይ አረፈች። ረጅም መንገድ አልሄደችም፤ ክንዱ እንኳ በደንብ አልተዘረጋም። ዎልኮት ግራ ክንዱ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ወረደ።

አሁን ይሄን ግጥሚያ ወደ ዛሬ አምጣው። ዛሬ የዓለም ሻምፒዮና 12 ዙር ነው። በ1982 ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ላስ ቬጋስ ላይ በ14ኛው ዙር ተመትቶ ከቀናት በኋላ ከሞተ ወዲህ ነው 15ቱ ዙር እየቀረ የመጣው። በ12 ዙር ሕግ ማርሲያኖ በነጥብ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። 49ለ0 የሚባል ነገር የለም። ስለ እሱ ፊልም የሚሠራም አይኖርም። አንድ ሰው፣ አንድ ምሽት፣ አንድ ቡጢ፤ የተቀየረው የሰዓቱ ርዝመት ብቻ ነው።

ስለዚህ ክርክር የሚከፍትብኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «በማን ሕግ?» ብዬ ነው። ብዙዎቹ ይሄን ጥያቄ አይወዱትም። የወንድሜ ልጅ ለምሳሌ ወዲያው ኪሎ ይጠራል። እሱ የእንግሊዛዊው ቦክሰኛ የታይሰን ፉሪ ዘመን ልጅ ነው። «ማርሲያኖ ስንት ይመዝን ነበር?» ይለኛል፣ መልሱን እያወቀ። 84 ኪሎ ገደማ። «ፉሪስ?» አሜሪካዊውን ዋይልደርን ለሁለተኛ ጊዜ ሲገጥመው 124 ኪሎ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም። ማርሲያኖ ዛሬ ቢኖር ከባድ ሚዛን አይባልም፤ እስከ 90.7 ኪሎ ከሚፈቅደው ከክሩዘር ሚዛን ተርታ ነው የሚሰለፈው። ልጁ እውነቱን ነው።

ግን ኪሎ ብቻውን ቢቦክስ ኖሮ ጁን 25 ቀን 1935 የተፈጸመው ነገር አይፈጸምም ነበር።

ይሄ ግጥሚያ የእኛም ታሪክ ነው። ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ እያጋዘ ነበር። ኒው ዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ደግሞ አንድ የ21 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊና አንድ የጣሊያን ግዙፍ ሊቦክሱ ነው። ጆ ሉዊስ እና ፕሪሞ ካርኔራ። ካርኔራ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ ሙሶሊኒ ይኮራበት ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ግጥሚያውን ኢትዮጵያ ከጣሊያን አድርገው ነው የሳሉት። ፖሊስ ረብሻ ፈርቶ ስታዲየሙን ሞልቶታል። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ገብቷል።

ሉዊስ 89 ኪሎ። ካርኔራ 118 ኪሎ።

ምስሉን ዩቲዩብ ላይ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልናገርም። ሉዊስ አይሮጥም፤ አይዘልም። እግሩን መሬቱ ላይ እየጎተተ ይጠጋል፤ ሰው ገበያ ውስጥ ዕቃ እንደሚመርጠው። ቡጢዎቹ አጭር ናቸው። 6ኛው ዙር ላይ ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ዳኛው አስቆመው። 118 ኪሎው እንደ ግንድ ነው የተገነደሰው። የኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር ሃርለም ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ላይ አደረ። በኦክቶበር 3 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ ቡጢው አላስቆመውም። ቢሆንም ለአያቶቻችን በማያውቁት አገር አንድ ልጅ በስማቸው ሲመታላቸው አመሸ። ይሄን ለጋሼ ያነበብኩለት ዕለት ለአንድ ቀን አሊን ትቶ የሉዊስ ደጋፊ ሆኖ ዋለ።

ለኪሎ ጥያቄ ሌላም መልስ አለ። ሜይ 2024 ሪያድ ላይ ያንኑ ፉሪን ያሸነፈው ዩክሬናዊው ኡሲክ ነው። ፉሪ ከ15 ኪሎ በላይ ይበልጠው ነበር። ኡሲክ ቁመቱ ከአሊ ቁመት ጋር እኩል ነው፣ 1 ሜትር ከ91። ይሄን ስነግረው የወንድሜ ልጅ ስልኩን ማየት ይጀምራል።

በነገራችን ላይ በዲሴምበሩ የመልስ ግጥሚያ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሙከራ ያህል ዳኛ ሆኖ ነበር። 118 ለ112 ብሎ ለኡሲክ ሰጠ። ሦስቱ ሰዎች ደግሞ ሁሉም 116 ለ112 ለኡሲክ። ከኤንሲአር 315 ወዲህ ማሽኑ ቢያንስ ያየውን ግጥሚያ ብቻ መፍረድ ተምሯል። ዕድገት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ፤ ምክንያቱም ለሠላሳ ዓመት ከጋሼ ጋር ስሟገት ቆይቼ ከጥቂት ጊዜ በፊት ነው የተገለጠልኝ። ይሄን የሐሳብ ግጥሚያ የምንጫወትበትን ዘዴ በተፈጸሙ ግጥሚያዎች ላይ ብንሞክረውስ? ውጤቱን እናውቃለን። የማናውቀው መስለን እንገምት። ዘዴያችን ይሠራል?

አይሠራም። ከኪንሻሳ ልጀምር።

1971፣ ጆ ፍሬዘር አሊን በነጥብ አሸነፈው፤ 15ኛው ዙር ላይ በግራ ሁክ፣ ከጎን በሚመጣው ቡጢ፣ መሬት ላይ አስቀመጠው። 1973፣ ኬን ኖርተን አሊን አሸነፈው፤ መንጋጋውንም ሰበረው። በዚያው ዓመት ፎርማን ፍሬዘርን ኪንግስተን ላይ በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጥሎ ጨረሰው። 1974፣ ፎርማን ኖርተንንም በሁለት ዙር ጨረሰው። አሊን ያሸነፉት ሁለት ሰዎች ፎርማን ፊት አራት ዙር እንኳ አልሞሉም። ፎርማን 25 ዓመቱ፣ 40 ገጥሞ 40 ያሸነፈ። አሊ 32፣ እግሩ የቀድሞው አይደለም።

እስቲ ፎርማን ሌላ ዘመን ላይ ተወልዶ ቢሆን ብለህ አስብ። ሁለቱ ጭራሽ አልተገናኙም እንበል። እኔና ጋሼ ማኪያቶ ይዘን «አሊ ከፎርማን ቢገጥም» እያልን እንከራከራለን። ጋሼ እንኳ፣ ያ የአሊ አማኝ እንኳ፣ «ይሄንንስ ተወው» ይል ነበር። ፎርማን በሦስተኛው ዙር በዝረራ። ሌላ ነገር የሚል ሰው ይሳቅበታል።

የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ጠዋት 4 ሰዓት በሚሉት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት፤ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲባል። ሙቀቱ ከባድ። አሊ ሄዶ ገመዱ ላይ ተደገፈ። ከፎርማን ጋር ማድረግ የሌለብህ ነገር ቢኖር እሱን ነው። የራሱ አሰልጣኞች ከገመዱ ውጣ እያሉ ይጮሁ ነበር። አሊ ክንዶቹን ፊቱ ላይ አጥፎ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ አስመታ። መሃል ላይ ፎርማን ጆሮ ውስጥ ያወራለታል። 8ኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ከገመዱ ዞሮ ወጣና ግራ ቀኝ አሳረፈ። ፎርማን ተሽከርክሮ ሲወድቅ አሊ ቀኝ እጁን አንሥቶ ለመጨረሻ ጊዜ ሊመታው ተዘጋጅቶ ነበር። አልመታውም። እጁን እንደያዘ በዓይኑ እየተከተለው ወደ መሬት ሸኘው።

ይሄ በየትኛው የነጥብ መዝገብ ላይ ይጻፋል? ፍጥነት አይደለም። ጉልበት አይደለም። አሊ ራሱ እስከዚያ ምሽት ድረስ ያላደረገው ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ስለማያውቀው አያስገባውም። የእኔና የጋሼ ጭንቅላትም አያስገባውም። በሐሳብ ስናጋጥማቸው ሰዎቹ ያደረጉትን ብቻ ነው የምናስደርጋቸው። ቸግሮት አዲስ ነገር የሚፈጥር ቦክሰኛ በሐሳብ ሪንግ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ደግሞ «የትኛው?» የሚለው ነው። 1936 ላይ ማክስ ሽሜሊንግ ጆ ሉዊስን በ12ኛው ዙር ዘረረው። ሽሜሊንግ የሉዊስን ፊልሞች እየደጋገመ አይቶ አንዲት ነገር አገኘ፦ ሉዊስ ጃብ ከወረወረ በኋላ ግራ እጁን ሲመልስ ዝቅ ያደርጋታል። በዚያች ክፍተት ላይ ቀኙን ምሽቱን ሙሉ ላከ። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚያው ሁለት ሰዎች፣ እዚያው ያንኪ ስታዲየም። ሉዊስ በ124 ሰከንድ ጨረሰው። አሁን «ሉዊስ ከሽሜሊንግ ማን ያሸንፋል?» ብትለኝ ምን ልበልህ? ሁለቱም።

ሦስተኛው የአየር ሁኔታ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ክብደት ቢስተካከል ከሁሉም ይበልጣል የሚባልለት ሰው ነው፤ እንዲያውም ያ አባባል ከሱ ስም ጋር ነው የሚነሣው። ጁን 1952 ከእሱ በክብደት የሚበልጠውን ጆይ ማክሲምን ለቀላል ከባድ ሚዛን ቀበቶ ገጠመው። በነጥብ ይመራ ነበር። የዚያን ምሽት የሪንጉ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። መጀመሪያ የወደቀው ዳኛው ነው፤ ከ10ኛው ዙር በኋላ ደክሞት በሌላ ተተካ። ከዚያ ሮቢንሰን 13ኛውን ዙር ጨርሶ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። ለ14ኛው መነሣት አቃተው። በዘመኑ ሁሉ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ገጥሞ ግጥሚያው ፍጻሜ ሳይደርስ የተሸነፈው በዚያች ምሽት ብቻ ነው፤ ያሸነፈውም ማክሲም አይደለም፤ ሐሩሩ ነው። እኛ ስንከራከር የሙቀት መለኪያ የሚያነሣ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ለሩጫ ግን ሰዓት አለ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 2:15:16 ገባ፤ ቀነኒሳ በርሊን ላይ 2:01:41። ቁጥሩን ታስቀምጠውና ትተወዋለህ። ያም ሆኖ አበበ ባዶ እግሩን መሆኑን፣ የቀነኒሳን ጫማ፣ አስፋልቱን ሁሉ እያነሣን እንጨቃጨቃለን። ቦክስ ያ ሰዓት እንኳ የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። በሐሳብ የምናጋጥማቸው ሁሉ ዘመን የለያያቸው አይደሉም። ሃሪ ዊልስና ጃክ ዴምፕሲ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር ኖረዋል። ዴምፕሲ ከ1919 እስከ 1926 ሻምፒዮን ነበር። ዊልስ ለዓመታት ቀዳሚ ተፎካካሪ ነበር። አልተገናኙም፤ ዊልስ ጥቁር ስለነበረ። ሳም ላንግፎርድም እንዲሁ፤ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ዕድል ሳያገኝ፣ በመጨረሻም ዓይኑ ጠፍቶ ቀረ። ይባስ ብሎ ጃክ ጆንሰን፣ ራሱ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን፣ ቀበቶውን ከያዘ በኋላ ለላንግፎርድ ዕድል አልሰጠውም። አሊ ከታይሰን የሚለው ጨዋታ ነው። ዊልስ ከዴምፕሲ የሚለው ግን የተነጠቀ ምሽት ነው። እሱን ስንገምት ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

እሺ፤ ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ እጫወታለሁ ወይ? እጫወታለሁ እንጂ። ሱስ ነው።

ፍሎይድ ሜይዌዘር ከሮቢንሰን፦ ሮቢንሰን፣ በነጥብ። አልከራከርበትም።

ሉዊስ ከታይሰን፦ ይሄ ያስጨንቀኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የታይሰን ናቸው። ሉዊስ ይወድቃል፤ ብራዶክ ጥሎታል፣ ጋሌንቶ ጥሎታል። ግን ሁለቱንም ተነሥቶ አሸንፏቸዋል። ታይሰንን ፈልግ፤ ወድቆ ተነሥቶ ያሸነፈበት አንድ ግጥሚያ አታገኝም። ቶኪዮ ላይ 1990፣ በስተር ዳግላስ ሲጥለው የጥርስ መከላከያውን መሬት ላይ እየዳበሰ ሲፈልግ፣ አግኝቶም አፉ ውስጥ አዛብቶ ሲከት አየሁት፤ በዚያው ቪዲዮ ቤት። የዚያን ቀን ሃምሳ ሳንቲሙን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሉዊስ፣ በ5ኛው።

አሊ ከታይሰን፦ የ1967ቱ አሊ፣ የ1988ቱ ታይሰን፣ 15 ዙር። ታይሰን ዝቅ ብሎ፣ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ይገባል። የሚያስፈራኝ ግራ ሁኩ ነው። አሊ እጁን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ እየተለጠጠ ነው የሚያመልጠው፤ ለግራ ሁክ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ግብዣ የለም። በ1963 ለንደን ላይ ሄንሪ ኩፐር በዚያች ሁክ 4ኛው ዙር ማብቂያ ላይ ጣለው። ደወል አዳነው። በዕረፍቱ ላይ አሰልጣኙ አንጄሎ ደንዲ የጓንቱ ስፌት ተቀዷል ብሎ ዳኛውን ጠራ። ቀዳዳው ትንሽ ነበር፤ ደንዲ ጣቱን ሰድዶ እንዳሰፋው ኋላ ራሱ ተናግሯል። ጥቂት ተጨማሪ ሰከንድ ተገኘች። 5ኛው ላይ የኩፐር ፊት ተተልትሎ ግጥሚያው ቆመ።

ቢሆንም አሊ ሲቀርቡት አንገት ያቅፋል፣ ክብደቱን ይጥላል፣ ያወራል። ታይሰን የሚያቅፈውን ሰው አይወድም። ቦንክራሸር ስሚዝ 12 ዙር አቅፎ ጨርሶበታል፤ ስሚዝ ደግሞ እግር አልነበረውም። አሊ እግር አለው። ከ6ኛው በኋላ ታይሰን ቡጢዎቹን አንድ አንድ እያደረገ መወርወር ይጀምራል። አሊ፣ በ11ኛው፣ ዳኛው አስቁሞት።

ይሄን ውሳኔ ላይ ለመድረስ ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ። ባለፈው ፋሲካ ጋሼ ቤት ሄጄ ልነግረው ተነሣሁ። ዛሬ ጆሮው ትንሽ ደክሟል። ሶፋው ላይ ተቀምጦ የወንድሜ ልጅ ስልክ በእጁ ይዟል፤ መነጽሩን አናቱ ላይ ሰቅሎ ስክሪኑን አፍንጫው ጋ አስጠግቶታል።

«ጋሼ፣ እጄን ሰጥቻለሁ» አልኩት። «አሊ ያሸንፋል።»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ቆይ» አለ። ስልኩ ላይ ስፒንክስ ሲወድቅ አየሁት። ልጁ ወደ ኋላ መለሰለት። እንደገና ወደቀ።

«ይሄ ልጅ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለ ጋሼ። «ሬዲዮ ላይ እንዲህ አልነበረም።»

«ጋሼ፣ አሊን እኮ ነው የምልህ።»

«አሊንማ ኩፐርም ጥሎታል።»

«ተነሥቶ አሸነፈ እንጂ! በሚቀጥለው ዙር!»

መነጽሩን ከአናቱ አወረደና ዓይኑ ላይ አደረገ። አሁን ቀና ብሎ አየኝ።

«ጓንቱንስ ማን ቀደደው?» አለ።